የወፈረው ድምፅ

ቤታችን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ግንብ ጀርባ ስለሆነ የልጅ ልጄን ድምፅ ከማንም በላይ የምሰማው እኔ ነኝ። እሷ እዚያ ማይክ ፊት ተቀምጣ «በር ሦስት፣ የምሥራቅ መስመር፣ ተሳፋሪዎች ትኬታችሁን ይዛችሁ ቅረቡ» ስትል፣ ድምፅ ማጉያው ግንቡን ተሻግሮ በወጥ ቤቴ መስኮት ይገባል። ድንች ስልጥ እሰማታለሁ፣ ልብስ ሳሰጣ እሰማታለሁ፣ ጎረቤት መጥታ ስታጫውተኝ እንኳ አንዱ ጆሮዬ እዚያው ነው። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ የልጅ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

የመዝገብ ስሟ ሌላ ቢሆንም እቤት ቶሎዬ ነው የምንላት። ስትበላ ቶሎ፣ ስትራመድ ቶሎ፣ ስትቆጣም ስትታረቅም ቶሎ ነበረች። ቃል ከአፏ ሲወጣ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ ነው፤ ማን ይሰብስበው። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ስትነካካት፣ «ለቀመች አይደል እንዴ፤ ምን ቀረባት?» ብላ ታስቀን ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ያ ድምፅ ሌላ ሆኖ መጣብኝ።

መጀመሪያ ማጉያው የተበላሸ መሰለኝ። ኋላ መስኮቱን ከፍቼ ሳዳምጥ በቃሉና በቃሉ መካከል አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ የደረቀ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚያሰማት ዓይነት። ድምፁም ወርዷል፣ ወፍሯል፣ ባትሪው እንደደከመ ቴፕ ይጎተታል። ቢላዋውን ድንቹ ላይ ጥዬ፣ ሻርፔን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

የመናኸሪያው ዘበኛ ያውቀኛል። ሁልጊዜ «ረስታው የሄደችውን ይዤላት መጣሁ» እያልኩ ነው የማልፈው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ረሳች፣ እማማ?»

«ጃንጥላዋን።»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አንድ ደመና የለበትም። ጃንጥላም አልያዝኩም። «ይለፉ» አለኝ።

የለፋፊዎቹ ክፍል ከትኬት መስኮቶቹ በላይ ነው። በጠባብ የብረት ደረጃ ይወጣል፤ ዙሪያው መስታወት ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው ዳቦ ይጋግራል። ቶሎዬ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባ ተቀምጣለች። ግራ ጉንጯ በከረሜላ አብጧል።

ከረሜላው የሙያው ወግ ነው። ለፋፊ ማይክ ፊት ውሃ አይጠጣም፤ ውሃ የጠጣ ሽንት ቤት መሄዱ አይቀርም፣ እሱ ሽንት ቤት እያለ አንዱ አውቶቡስ ሳይጠራ ይወጣል፣ ስድቡ ደግሞ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ስለዚህ ከረሜላ በድድና በጉንጭ መካከል ይወሸቅና ጉሮሮ ሲያርስ ይውላል። ይህን ያስተማሯት ከእሷ በፊት ማይኩን ይዘው የኖሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ከረሜላ ነው የሚባሉት። በጡረታ ሲሰናበቱ አፋቸው ውስጥ ጥርስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እርጅና ነው ብለን አለፍነው። ከረሜላውን በከረጢት እየገዛሁ የማቀብላት ደግሞ እኔው ነኝ፤ የሎሚውን፣ ምራቅ ይጠራል ብዬ።

«ምነው እማማ?» አለችኝ።

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ምን ሆነ?»

«ይጎተታል።»

«እንቅልፍ አንሶኝ ይሆናል።»

«ማታ ራቱ ሳይነሳ ጠረጴዛው ላይ ነው ያንቀላፋሽው። ከዚህ በላይ እንቅልፍ ከየት ይምጣልሽ?»

በር አምስትን ልትጠራ ወደ ማይኩ ዞር ብላ ቁልፉን ተጫነች። እኔ ፊቷን እያየሁ ነበር። የዓይኖቿ ሥር አብጧል፣ ቀለበቷ ጣቷን አንቋል። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረው ፀጉር፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለቷ፣ መወፈሯ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝና ያሰብኩትን ሳላላምጥ ተናገርኩት።

«እውነቱን ንገሪኝ። አርግዘሻል?»

ለካ ማይኩ ክፍት ነበር፤ ከታች፣ ከግቢው፣ ሳቅ ተነሳ። አንድ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ። አንዱ ረዳት ወደ መስታወቱ አንጋጦ፣ «እማማ፣ ወንድ ከሆነ በስሜ ይጠራልኝ» አለ። ቶሎዬ ማይኩን ዘግታ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«አላረገዝኩም» አለች ቀስ ብላ። «ከማን አረግዛለሁ፤ ከበር ሦስት?»

እኔን ሳቅ ያዘኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ድሮ ቢሆን ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች።

«እባክሽ እማማ፣ በዚህ ሰሞን እንኳ አታሳጪኝ። ድምፅ ሊመረጥ ነው።»

ነገሩን ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። መናኸሪያው ማሽን ሊያስገባ ነው፤ ጥሪው ሁሉ አንዴ ይቀዳና ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ራሱ ይለፍፋል። ከሦስቱ ለፋፊዎች ድምጿ የተመረጠላት ከማሽኑ ጋር እዚያው ትቀራለች፤ የቀሩት ወርደው ሻንጣ ይመዝናሉ። ቶሎዬ ማንኪያ እንደ ማይክ ይዛ ስትለፈልፍ ያደገች ልጅ ናት። ሻንጣ ሚዛን ላይ ቆማ በቀን ስንት ቃል ትናገራለች? «ይከብዳል» እና «ይቀንሱለት»፣ በቃ።

በዚያው ሳምንት ጥርሷ ተሰበረ። በአጥንት ቢሆን አይገርመኝም፤ በዳቦ፣ ያውም ሻይ ውስጥ በተነከረ ዳቦ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ብቻዋን ልትሄድ ፈልጋ ነበር፤ ማን ፈቅዶላት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ አነጋገሯ ዝቅ ያለ። ትንሿን መስታወት ቶሎዬ አፍ ውስጥ ስታስገባት ጉንጯ ላይ ተጣበቀች። አላቀቀቻት፤ እንደገና ተጣበቀች።

«ዛሬ ውሃ ጠጥተሻል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጠጥታለች» አልኩ።

«ብርድ ብርድ ይልሻል?»

«በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ነው የምትለብሰው።»

«እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?»

«እንደ ግንድ ነው።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ የሚታከሙት እርስዎ ነዎት?»

«እሷ ናት። የማውቃት ግን እኔ ነኝ።»

«እሺ። አሁን እኔም ትንሽ ልወቃት።»

ደስ አላለኝም። ቢሆንም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ምላሷን አስወጣቻት። ምላሷ ወፍሮ ጠርዙ ላይ የጥርሶቿ ምልክት ወጥቶበታል፣ እንደ ዳንቴል። ጥርሶቿ ከድዱ ሥር ሥር ተበልተዋል፤ ከረሜላው በሚውልበት በግራ በኩል ይብሳል። ከዚያ ሐኪሟ ጥርሱን ትታ አንገቷን ያዘች። ጥርስ ልናሳይ መጥተን አንገት ምን አገናኘው ብዬ እንደገና ተነሳሁ።

«ምራቅሽን ዋጪ እስቲ።»

«የለኝም» አለች ቶሎዬ።

ሐኪሟ ውሃ አቀበለቻትና ስትውጥ ጣቶቿን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ቆየች።

«ምራቅ ማለት አፍን ቀኑን ሙሉ የሚያጥብ ውሃ ነው» አለችን በኋላ። «እሱ ሲያንስ ስኳሩ ጥርስ ላይ ተኝቶ ይውላል። ከረሜላው ጎድቷታል፤ ብቻውን ግን አይመስለኝም። አንገቷ ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። እሷ ስትሰንፍ ብዙ ነገር አብሮ ይሰንፋል፤ ምራቁም፣ ምላሱም፣ ድምፁም። እርግጠኛ ለመሆን ደሟ መታየት አለበት።»

«እንቅርት ነው እንዴ?» አልኩ። «አንገቷ እኮ አላበጠም።»

«ሳያብጥም ይታመማል።»

«ጥርሱን ግን ዛሬ ንቀይልኝ፤ ሥራ አለኝ» አለች ቶሎዬ።

«ደምሽን ሳላይ አልነቅልም። ዕጢዋ ደክማ ከሆነ ቁስሉም ለመዳን ይዘገያል። ለጊዜው እሸፍንልሻለሁ።»

ደሟ ታየ፤ እንደተባለውም ሆነ። ሌላ ሐኪም ኪኒን አዘዘላት። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ትውጣለች፤ ከዚያ ምግብም ወተትም ሻይም ሳትነካ ቆይታ ነው የምትበላው። ለውጡ በሳምንታት እንጂ በቀናት አይመጣም አላት። እስከዚያ ድረስ ውሃ ጎንጨት ጎንጨት፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ ከረሜላ በጭራሽ። እቤት የቀረውን የሎሚ ከረሜላ ከነከረጢቱ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ኋላ ደግሞ የሰፈር ልጆች አንስተው እንዳይበሉት ፈርቼ ተመለስኩና አውጥቼ ባልዲ ውስጥ አሟሟሁት። ልጄ ባልዲውን አይታ «ምን እየቀቀልሽ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት።

ኪኒኑን ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ቶሎዬ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ በርቷል።

«ከሦስታችን የእኔን መረጡት።»

እናቷ እቅፍ አደረገቻት። ልጄ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ የምትውል ሴት ናት፤ እጇ ሁልጊዜ ይሞቃል። «እንዴት ቀዝቅዘሻል አንቺ» አለቻት።

«የስምሪት ኃላፊው ምን አለኝ መሰለሽ፣ እማማ? ‹ድሮ ስትለፈልፊ ተሳፋሪው ቃሉን ሳይለቅመው አውቶቡሱ ይወጣ ነበር። አሁን ረጋ ብለሻል፤ ምራቅሽን ውጠሻል› አለኝ።»

«ምራቁን ከየት አምጥተሽ?» አለች እናቷ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄን ሳልጨርስ አንድ ነገር ወጋኝ። የመረጡት ድምፅ እኮ የቶሎዬ አይደለም፤ የበሽታዋ ነው። ማሽኑ ደግሞ ገና አልመጣም፤ የሚቀዱትም ሲመጣ ነው። «እስከዚያ ይህንኑ ድምፅ ጠብቂልኝ» ብሏታል ኃላፊው።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም። ኪኒን ውጣ ምግብ የምትጠብቅበት ጊዜ ለእሷ ቅጣት ነበር፤ ወጥ ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ እያለች «አሁንስ አልደረሰም?» ትለኛለች። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ተነስታ ቀጥታ ዳቦው ላይ ሄደች። ማርማላት ቀባች፣ ጎረሰች። በማግሥቱም እንዲሁ።

«ኪኒንሽን ዋጥሽ?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ቅድም።»

«ቅድም እኔ እየቀሰቀስኩሽ ነበር።»

ዳቦውን አስቀመጠች። ለመዋሸት እንኳ ፍጥነቱ አልነበራትም።

«ማሽኑ እስኪመጣ ብቻ ነው፣ እማማ።»

«ምኑ?»

«ከዳንኩ ድምፄ ይመለሳል። የድሮ ድምፄ ደግሞ ሻንጣ ሚዛን ላይ ነው የሚያቆመኝ። የወደዱት ይህንን ነው። ትንሽ ብታገሥ ምን አለበት?»

«ጥርስሽስ?»

«በማጉያ ጥርስ አይታይም።»

እናቷ የምትቀይረውን ልብስ እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። «አንቺ ልጅ፣ በገዛ አካልሽ ቁማር ትጫወቻለሽ?»

«እናንተ መስኮት ላይ ሆናችሁ ነው የምትሰሙኝ» አለች ቶሎዬ። «እኔ እዚያ ስቀመጥ የሰው ሁሉ መንገድ ከአፌ ነው የሚጀምረው። ስሜን አያውቁም፤ ግን ስናገር ይነሳሉ። ሻንጣ ልመዝን አልወርድም።»

ይህን ለማለት ድሮ አንድ ትንፋሽ ይበቃት ነበር። አሁን መሃል ላይ አቋርጣ ውሃ ጠጣች።

ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ። ብናገር ሥራዋን አሳጣታለሁ። ዝም ብል በዓይኔ እያየሁ ልጅቷ ከጥርሷ ጀምራ ታልቃለች። ልሄድ እነሳለሁ፤ ከበሩ እመለሳለሁ። የጠረግኩትን እጠርጋለሁ። ማጉያው በር ሁለትን ሲጠራ ምላሷ መሃል ላይ ተይዞ ቀረና ቃሉን ከመጀመሪያው ደገመችው። ሻርፔን ደረብኩ።

«ምን ረሳች?» አለ ዘበኛው።

«ኪኒኗን» አልኩ። በሩን ከፈተልኝ።

የስምሪት ኃላፊው ሰፊ ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ጠባብ ስለሆነ ለብሶት የተቀመጠ ይመስላል። ቶሎዬን በዚያ በማይኩ ቀን ስላሳጣኋት ገና ሲያየኝ ፈገግ አለ። «እማማ፣ አሁን ደግሞ ማን አረገዘ?»

«ቀልዱን ይተውት፣ ጌታው። ያ የወደዱት ድምፅ የሕመም ድምፅ ነው።»

ስለ ዕጢዋም፣ ስለ ምራቁም፣ ስለ ኪኒኑም እንዳወቅሁት ነገርኩት። አዘበራረቅሁት መሰለኝ፤ ዳቦውንም ከረሜላውንም መሃል ላይ ጨመርኩበት። እሱ ግን የሚፈልገውን ለቅሞ አወጣ።

«እና መድኃኒቱን ከወሰደች ድምፁ ይሄዳል?»

«መሄዱ አይቀርም። ካልወሰደች ደግሞ የምትሄደው እሷ ናት።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ታመሚልኝ አላልኳትም። ድምፁን ጠብቂ ነው ያልኳት።»

«ድምፁ ከእሷ ሌላ መቀመጫ አለው እንዴ?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆየ። ምርጫውን ሰርዞ ሌላዋን ሊጠራ ነው አልኩ በልቤ። የልጄን ልጅ ሥራ በገዛ ምላሴ ቆረጥኩት ማለት ነው፤ ቤት ገብቼ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?

«ማሽኑን ለምን እንጠብቃለን» አለ በመጨረሻ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። «ቀድቶ ማስቀመጥ ነው። ነገ።» ስልኩን አነሳ።

ደግ ሰው ይሁን ክፉ እስካሁን አላወቅሁም። ቶሎ ትዳን ብሎ ነው፣ ወይስ በሽታው ሳያመልጠው ሊይዘው?

ያን ዕለት ቶሎዬ ከሥራ ገብታ ሻርፔ የተሰቀለበትን አየች እንጂ እኔን አላየችኝም። «ሄደሽ ለመንሽልኝ» አለች ለሻርፑ።

«አልለመንኩም። ተናገርኩ።»

«አንድ ቀን እንኳ ሳትከተይኝ ብውል ምን ትሆኛለሽ?»

«እሞታለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው የተናገርኩት፤ እሷ ግን ሳታስበው አፏ ፈገግ አለና ለመደበቅ ዞረች።

በማግሥቱ እነሱ ሲቀዱ እኔ ደረጃው ላይ የውሃ ጠርሙስ ታቅፌ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ስላለ እሰማለሁ። በሩን ሁሉ ጠራች፣ መስመሩን ሁሉ ጠራች። «ዘግይቷል»፣ «ተሰርዟል»፣ «ሕፃን የጠፋባችሁ ወደ መረጃ መስኮት ኑ»። ቀጂው ልጅ «ያቺን የምላስ ድምፅ ላጥፋት?» ሲል፣ ኃላፊው «ተዋት፤ ሰው ሰው ትሸታለች» አለ። አንዱን ቃል ሦስቴ አስደገሟት። እሷ ጨርሳ ስትወጣ ከንፈሯ ላይ ነጭ ደርቆባታል። ጠርሙሱን ከእጄ ወስዳ እስከ ታች ጠጣችው።

«አለቀ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በነጋው ኪኒኑን ፊቴ ዋጠችው። እንደ ሕፃን አፏን ከፍታ፣ ምላሷን አንስታ አሳየችኝ። «አየሽ? በይ አሁን ተይኝ።» ያየሁ መስዬ ዞርኩ። ዳቦውን ግን ጊዜው እስኪደርስ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ወራት ሄዱ። እብጠቱ ከፊቷ ጎደለ፣ ሹራቡ ተሰቀለ፣ ጠዋት እኔን መቀስቀስ ጀመረች። ጥርስ ሐኪሟ የተሰበረውን ነቀለችላት፤ ቁስሉ ሳያስቸግር ገጠመ፤ ሌሎቹን ሞላችላት። መስታወቷም ጉንጭ ላይ አትጣበቅም። «አፍሽ ርሷል፤ የተበላው ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም፣ የቀረውን ጠብቂ» አለቻት። ይህን ስትል እኔን ነው ያየችው። ማሽኑም መጣ። ቶሎዬ እዚያው መስታወት ቤት ውስጥ ከማሽኑ ጋር ቀረች፤ ሲሳሳት ታስተካክለዋለች፣ ሲሠራ ትሰለቻለች። ድምጿም ተመለሰ። የሚሰማት ግን እኛ ቤት ነው። ውጭ ያለው ሰው የሚሰማው ያንን ነው፤ የወፈረውን።

በቅርቡ አዲስ የደቡብ መስመር ተከፈተ። ኃላፊው «ያን ድምፅ አምጪና ይህችን ብቻ ጨምሪልኝ» አላት። ሞከረች። ጉሮሮዋን አወፈረች፣ ቃሉን ጎተተች፤ ቀጂው ሳቁ አላስቀዳ አለው። «የለም፤ ሄዷል» አለችው። አሁን የደቡብ መስመር ብቻ በጤነኛ ድምጿ ይጠራል። ጥሪው ፈጣን ስለሆነ ተሳፋሪዎቹ ያመለጣቸው እየመሰላቸው ይሮጣሉ አሉ።

ማሽን መሆኑን አላጣሁትም። ወጥቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አረንጓዴ መብራት ያለው ሣጥን ነው። ሰውነቴ ግን አልሰማ አለኝ። ትናንት እሷ የዕረፍት ቀኗ ነበር። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ጥርስ ባለበት በኩል ፖም እየገመጠች፣ ስለዚያ ስለ ቀጂው ልጅ ሳትተነፍስ ታወራልኛለች። በዚህ መሃል ማጉያው በዚያ በደረቀ አፍ «በር ሦስት» አለ። ምን እንዳደረግሁ ያወቅሁት መስኮቱ ጋ በብርጭቆ ውሃ ይዤ ቆሜ ነው።

«ለማን ነው፣ እማማ?» አለችኝ።

«ለአንቺ።»

ብርጭቆውን ተቀብላኝ እያየችኝ ጠጣችው። ወንበሩን በእግሯ ሳብ አድርጋ «በይ ቁጭ በይ» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች። እኔም እየሰማኋት ነበር፤ እጄ ግን ለመነሳት የወንበሩን መደገፊያ እንደያዘ ነው። በር አምስት አልተጠራም ገና።